የአማቴ ነው

በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ የጨጓራና የአንጀት ክፍል አለ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ረጅም ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን አንድ ብቻ። ለአንጀት ሕሙማን አንድ መጸዳጃ ቤት ይበቃል ብሎ የነደፈው መሐንዲስ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሆዱን አሞት የማያውቅ ሰው እንደነበር ግን ማንም አይጠራጠርም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ግራና ቀኙ ያሉት ሕሙማን መርምረው፣ በሽታውን ነግረው፣ መድኃኒቱንም አዝዘው ይጨርሱታል። አንዷ «ሐሞት ነው፤ ፊትህ ያስታውቃል» ትለዋለች። ሌላው «የኔም ልክ እንደዚህ ነበር የጀመረኝ» ብሎ የራሱን አንጀት ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ይጀምርለታል። ሰው ስለ ልጆቹ ሲያወራ የማይሰማውን ኩራት ስለ ጨጓራው ሲያወራ ይሰማዋል።

የክፍሉን ኃላፊ በስሙ የሚጠራው የለም። ሕሙማኑ ከኋላው «ዶክተር ጭንቀቱ» ይሉታል። ሆዱን የነፋውም፣ ደረቱን ያቃጠለውም፣ የሚያስቀምጠውም፣ የደረቀበትም ፊቱ ሲቀርብ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ጭንቀት ነው።» ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል፤ በሰዓትህ ብላ፣ ቀስ ብለህ አኝክ፣ አትናደድ። ይህን ሲል እሱ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ምሳውን ቆሞ፣ ስልክ በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ ነው የሚውጠው። በር በኃይል የዘጋ ሰው ካጋጠመው ደግሞ እስከ ማታ ሲንጨረጨር ይውላል።

ሐኪምነቱን ግን ማንም አይክደውም፤ እጁ ወርቅ ነው። ካሜራ የተገጠመለትን ረጅሙን ቱቦ ሲይዝ በሰው አንጀት ውስጥ እንደገዛ ቤቱ ነው የሚዘዋወረው፤ የትኛው ማዕዘን ላይ ጎንበስ፣ የትኛው ላይ ቀና እንደሚባል አብጠርጥሮ ያውቃል። ክፋቱ ጆሮው ነው። ቱቦው ያላሳየውን ነገር ሰው በአፉ ሲነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እንደሱ አባባል የእኛ ሰው ሕመሙን መናገር አይችልም። ሲናደድ ቆሽቴ አረረ፣ ሲፈራ ሐሞቴ ፈሰሰ፣ ሲቀየም ሆዴ ሻከረ፣ ልጁ ስታስቸግረው ጨጓራዬን ላጠችው ይላል፤ ያንን ሁሉ ልጦና አሳርሮ መጥቶ ደግሞ «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ወጋ ያደርገኛል» ሲል ማን ያምነዋል? «እኔ የማምነው ስክሪኑን ነው» ይላል፤ ስክሪኑ ፊት የሚያስተኛው ደግሞ ያመነውን ሰው ብቻ ነው። እንዴት እንደሚሆን እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ይኼው ሰው ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ወገቡን ያመው ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ቱቦ ሲገፋ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። የሕመም ማስታገሻ ክኒን በባዶ ሆዱ እያከታተለ ይውጥ ጀመር። ከዚያ እምብርቱ በላይ ያቃጥለው ጀመር፤ ለማቃጠሉ ደግሞ የሚታኘከውን የጨጓራ ክኒን እንደ ከረሜላ ያኝክ ጀመር፤ ከንፈሩ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ ነው የሚውለው። ከዚያ አንድ ቀን በዚያ በአንዱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቁልቁል ሲያይ ያየው ነገር ጥቁር ነበር። ጥቁር ስልህ ሬንጅ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ፣ ደም እየፈሰሰ ነው። ሌላ ሰው ነግሮት ቢሆን ኖሮ እዚያው ያስተኛው ነበር። ለራሱ ሲሆን ግን ሌላ ብልሃት ፈጠረ። ለደም ማነስ የሚታዘዘው የብረት ክኒን ሰገራ እንደሚያጠቁር ያውቃል፤ ስለዚህ በማግስቱ የብረት ክኒን መውሰድ ጀመረ። አሁን የሚያመካኝበት አገኘ። «ክኒኑ ነው» አለ ለራሱ፤ መጀመሪያ የጠቆረው ከክኒኑ በፊት መሆኑን እየረሳ። እንዲህ ዓይነቱን ሞኝነት ለመሥራት ብዙ መማር ያስፈልጋል።

ለምን አይመረመርም? ቱቦ የሚያስገባለት ከእሱ ሌላ አንድ ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ ተማሪ የነበረው ወጣት። ይህን ወጣት «መጽሐፉ» ብሎ የሰየመው ራሱ ነው፤ ምንም ነገር ሲጠየቅ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ስለሚል። «በሽተኛው እኮ መጽሐፉን አላነበበውም!» እያለ በሰው ፊት ሲስቅበት ኖሯል። አሁን በዚያ ልጅ ፊት አፉን ከፍቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ሊተኛ? ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይፈራል። ለሰው ሁሉ «ሲዋጥ አይታወቅም» የሚለው ሰው ጉሮሮው ቱቦ ቀምሶ አያውቅም፤ ያስዋጣቸውን ሰዎች ዓይን ግን ከቅርብ አይቷል።

አሁን ወደ አማቱ እንምጣ። አማቱ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። ልጃቸው ቤት፣ የጓሮውን ዛፍ በሚያየው ክፍል ይኖራሉ። ከችሎት ከወረዱ ቆይተዋል፤ ችሎቱ ግን ከእሳቸው አልወረደም። ራት ላይ ጨው በዛ የሚለውን ክርክር እንኳ ግራ ቀኙን ሰምተው ነው የሚወስኑት። እኚህ ሴትዮ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ባሰኛቸው ቁጥር ለአማቻቸው ይነግሩታል፤ እሱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጭንቀት ነው እማማ» ይላቸዋል።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጭንቀት ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉት አንድ ቀን። «ጭንቀትን ከሆድ ቁርጠት ለይቼ አውቃለሁ።»

«እሱ ነው እኮ የተጠራቀመው» አላቸው።

በመጨረሻ ባለቤቱ አልቻለችም። «ለአገር ሁሉ ሐኪም ነህ፤ ለእናቴ ሲሆን ግን ዓይንህን በጨው አጥበህ ታልፋታለህ!» ብላ ጮኸችበት። ለቤቱ ሰላም ሲል የሰገራ መያዣ ዕቃ ከሥራ ቦታው አመጣላቸውና ለላቦራቶሪው ሰውዬ «ነገ የአማቴን ናሙና አመጣልሃለሁ» ብሎ ነገረው። ዳኛዋም በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ክዳን ያለውን ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን አስረው፣ መዝገብ እንደሚያስረክብ ሰው በሁለት እጃቸው ሰጡት። «ተቀበለኝ» አሉት፤ ተቀበለ።

ሆስፒታሉ ግቢ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ፌስታሉን አየው። ጭንቀት መሆኑን የሚጠራጠር አንድም ሴል አእምሮው ውስጥ አልነበረም። ለጭንቀት ደግሞ ላቦራቶሪ ምን ያደርጋል? ከመኪናው ወረደና ግንቡ ሥር ካለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣለው። ውጤቱን ማታ «ንጹሕ ነው» ብሎ ቢነግራቸው አለቀ። እጁን በማጽጃ አሽቶ፣ እያፏጨ ወደ ላይ ወጣ።

ፉጨቱ ግን መጸዳጃ ቤቱ ጋ ቆመ። የብረት ክኒኑን ካቆመ ሰንብቶ ነበር፤ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነው ያቆመው። ዛሬም ጥቁር ነው። ያን ጊዜ ደረጃ ሲወጣ ለምን እንደሚያለከልክ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ለምን ዓይኑ ብዥ እንደሚልበት ገባው፤ የገባው ዛሬ ሳይሆን ድሮ ነው፤ ዛሬ መካድ ሰለቸው። ነጭ ክዳን ያለው መያዣ ከመደርደሪያ አነሣና ናሙና አስቀመጠበት። ቢያንስ ይወቅ። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ሲያስቀምጠው ሰውዬው ጓንቱን እየሳበ «የማን ነበር ዶክተር?» አለው።

በዚያ መስኮት የተነገረ ነገር ሻይ ቤት ለመድረስ ደረጃ መውረድ አያስፈልገውም። የክፍሉ ኃላፊ አንጀቱ እየደማ ነው ተብሎ ሲወራ ታየው፤ መጽሐፉ ፊቱን በሐዘኔታ ሲያጠቁር ታየው። ምላሱ ከእሱ ቀደመ።

«የአማቴ ነው።»

ቀላል ውሸት መሰለው። የላቦራቶሪው ሰውዬ ለአለቃው አማት ክብር ሲል ሥራውን ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ ያንኑ ዕቃ አስቀደመ። ደም። ብዙ ደም። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ቱቦ ይዞ የአንድ ሾፌር አንጀት ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱ ለመጽሐፉ ተነገረው። መጽሐፉ ደግሞ መጽሐፉ ነው፤ ሐኪም የቤተሰቡን አባል አያክምም የሚለውን ደንብ በቃሉ ያውቃል። ኃላፊውን ማስጨነቅ አልፈለገም፤ ቤት ደወለና ለራሳቸው ለዳኛዋ በትሕትና ነገራቸው። ከላይም ከታችም በካሜራ መታየት አለባቸው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት።

ዶክተሩ ማታ ቤቱ ሲገባ ጉድ ፈልቶ ጠበቀው። ሳሎኑ ውስጥ ባለቤቱ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። አጠገቧ ከዳኛዋ ጋር በአጥር ጉዳይ ተኳርፈው የኖሩት ጎረቤት፣ ይቅርታ ተጠይቀው ይሁን አድርገው ይሁን ሳይለይ፣ መሐረባቸውን ይዘው ይንሰቀሰቃሉ። ዳኛዋ ግን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ እንዲያውም ያማረባቸው ይመስላሉ።

«ና ተቀመጥ፣ ዶክተር» አሉት። «ረታሁህ።»

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ጭንቀት ነው ስትለኝ ኖርክ። ይኸው ማስረጃ። ደም! በሳይንስ የተረጋገጠ ደም!» አሉ፤ ሰው የሕልሙን መኪና እንዳገኘ ዓይነት ነበር አባባላቸው። ከዚያ ወደ ጎረቤቲቱ ዘወር አሉ። «ሞቴ አያሳዝነኝም እኮ። መርታቴ ነው ደስ ያለኝ።»

ዶክተሩ ላብ አጠመቀው። እዚያው «ስህተት ነው፤ ያ የኔ ነው» ቢል አንድ ነገር ነበር፤ ያፍራል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ወለል ብሎ ታየው። የአንተ ከሆነ የእሳቸውስ የት ደረሰ? የባለቤቱን ያበጠ ዓይን አየ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ሆዱ ደግሞ በዚያን ሰሞን የሚፈጀው ነገር አልቸገረውም።

ሌሊቱን ለራሱ ተሟገተ። ምን ጉዳት አለው? ያዩዋቸዋል፤ ንጹሕ ይሆናሉ፤ የላቦራቶሪ ስህተት ነው ይባላል፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እሱም በኋላ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ማንም የማያውቀው ሐኪም ዘንድ ይታያል። በኋላ የሚለውን ቃል ከሕሙማን አፍ ሲሰማ እንዴት እንደሚቆጣ ትዝ አላለውም።

በማግስቱ ዳኛዋ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት መጠጣት ጀመሩ። መድኃኒቱ በዱቄት መልክ መጥቶ በጆግ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጣዕሙ የባሕር ውሃ ሎሚ ተጨምቆበት ዓይነት ነው። ዳኛዋ የመጀመሪያውን ብርጭቆ በኩራት ጨለጡት። በሁለተኛው ላይ «ይህን የቀመመ ሰው ፊቴ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ አልፈቅድለትም ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ መናገር ተዉ፤ በክፍላቸውና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ብቻ ይመላለሱ ጀመር። ቤቱም እንደ ሆስፒታሉ ባለ አንድ መጸዳጃ ነው። ዶክተሩ ሥራ አልሄደም፤ እህልም አልቀመሰም፤ ምግብ ሲቀርብለት ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። ለዓመታት «ውሃ ነው፤ ጠጥቶ መውጣት ነው» እያለ ያዘዘው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ።

ወደ ማታ ገደማ ዳኛዋን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁልጊዜ የተበጠረው ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ክንዳቸውን ያዛቸው። አልመነጨቁትም፤ ይሄ ራሱ አስደነገጠው።

«ፈራሁ» አሉት፤ ድምፃቸው ከወትሮው ሌላ ነበር። «ለጎረቤት ስናገር ነበር የምጀግነው። እኔ መሞት አልፈልግም ልጄ።»

ልጄ ብለውት አያውቁም። አንጀቱን በሉት። አሁን ልናገር አለ፤ አፉን ከፈተ።

«ምንም የለብዎትም እማማ። ይመኑኝ፤ ምንም የለብዎትም።»

ዳኛዋ ክንዳቸውን ነጥቀው ቀጥ አሉ። «አሁንም? አሁንም ጭንቀት ልትለኝ ነው? በማስረጃ ላይ?» በሩን ከኋላቸው በኃይል ዘጉት።

ጠዋት የክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር፣ የመመርመሪያውን ክፍል መጋረጃ ጋርዳ፣ ስክሪኑን አብርታ ጠበቀቻቸው። ዳኛዋ ከኋላ የሚታሰረውን ሰማያዊ ጋውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጋውን ለብሶ ክብር መጠበቅ ከባድ ነው፤ እሳቸው ግን ችለውበታል። አማቻቸው ከክፍሉ እንዳይወጣ አዘዋል። «የካደ ሰው ማስረጃው ሲታይ መገኘት አለበት» ነው ያሉት። እሱም ግድግዳው ሥር ቆሟል። እግሩ ቀዝቅዟል፤ ጆሮው ውስጥ እንደ ወንዝ ያለ ነገር ይጮኻል።

መጽሐፉ ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት ጥያቄ አለው። በየትኛውም ምርመራ ላይ የሚዘለል ጥያቄ የለውም፤ ኃላፊው ሲስቅበት የኖረው በዚህ ነበር።

«እማማ፣ ሰገራዎ የጠቆረው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«የሰገራዎ ቀለም። ላቦራቶሪው ሬንጅ ይመስላል ነው ያለኝ።»

«የኔ?» አሉ ዳኛዋ። «በጭራሽ። ቀለሙ እንደማንኛውም ሰው ነው። አይቼዋለሁ፤ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

መጽሐፉ ግራ ተጋባ። ዳኛዋ ግን አልተጋቡም። ፊታቸው ላይ ልጃቸውም አማቻቸውም በደንብ የሚያውቁት ነገር መጣ፤ ምስክር ሲዛነፍ የሚመጣው።

«ዕቃው ምን ዓይነት ነበር?» አሉ።

ሲስተር መለሰች። «ያው ነጭ ክዳን ያለው ነዋ። ላቦራቶሪ ስገባ አይቼዋለሁ፤ የአለቃችን አማት ናሙና ነው ብሎ ሰውዬው ለብቻው አስቀምጦት ነበር።»

«የኔ ክዳን ሰማያዊ ነው።» ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ዶክተር። ይህ ናሙና የማን ነው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። ውሸት ፈለገ፤ ደክሞት ነበርና አላገኘም።

«የኔ ነው» አለ። ቀጥሎም ግድግዳውን ይዞ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ።

ሲስተር ደረሰችለት። የደም ግፊቱን ለካችና መጽሐፉን አየችው፤ የዓይኑን ሽፋን ገለበጠና ነጭ ሆኖ አገኘው። «ምግብ መቼ ቀመሱ ዶክተር?» አለው። «ከትናንት ወዲያ» አለ በሹክሹክታ። «ደግ ነው። ጨጓራዎ ባዶ ነው ማለት ነው» አለ መጽሐፉ፤ በድምፁ ውስጥ አንድም የብቀላ ቅላጼ አልነበረም፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ዶክተሩን አሳፈረው። ዳኛዋ ጋውናቸውን ከኋላ በአንድ እጃቸው ሰብስበው ከአልጋው ወረዱ።

«እሱ ይቅደም» አሉ።

ግሉኮስ ተሰካለት፤ ደም እንዲመጣለት ተላከ። በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ጉሮሮው ላይ ማደንዘዣ ረጩበት፤ ቱቦው እንዳይነከስ የሚገባውን ፕላስቲክ ጥርሱ መሃል አስነከሱት። ግፊቱ ስለወረደ የእንቅልፍ መርፌ አልተሰጠውም። ያን ጊዜ ዳኛዋ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። የኔ የት ደረሰ?» አሉ። «መናገር እንደማትችል አይቻለሁ። አዎ ከሆነ ጭንቅላትህን ነቅንቅ። ጠፋብህ?»

አልነቀነቀም።

«ጣልከው?»

ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀ። ለሃጩ ትራሱ ላይ ወረደ።

ዳኛዋ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሲስተር ትከሻውን ይዛ «አይዞን፤ ሲዋጥ አይታወቅም» አለችው፤ ይህን ማለት የለመደችው ከእሱ ነው። ቱቦው ገባ። በደንብ ይታወቃል። መላ ሰውነቱ ሊያስወጣው ተነሣ፤ እንባው ወረደ፤ መጽሐፉ ደግሞ ሳይቸኩል፣ ሳይጎትት፣ ልክ እንደተጻፈው ወደ ታች ወረደ። ስክሪኑ ላይ ከጨጓራው በር ማዶ አንድ ጥልቅ ቁስል ታየ፤ ከመሃሉ ደም ቀስ እያለ ይመነጫል። መጽሐፉ በትንሽዬዋ የብረት መቆንጠጫ የሚደማውን ሥር ያዘው፤ ደሙ ቆመ። «አንድ ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አልጋው ለእሳቸው ይፈለግ ስለነበር ግሉኮሱን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ አወጡት፤ ተሽከርካሪ አልጋ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ፣ ግድግዳውን አስደግፈው አስቀመጡት። ሲስተር በሩን ከመዝጋቷ በፊት የዳኛዋ ድምፅ ተሰማ። «እኔ እኮ ታጥቤ ጨርሻለሁ። በከንቱ አልታጠብኩም። እዩኝ።»

ባለቤቱ መጣች። ሲስተር ሁሉንም ነግራታለች። በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወችና ተቀመጠች። ያችኑ ባዶ ቦታ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አዩና መሃላቸው ገቡ፤ ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። ያለ ነጭ ካፖርቱ አላወቁትም።

«ሐሞት ነው አይደል?» አሉት። «ጨጓራ ነው» አላቸው። «እሱን ነው የሚሉህ። እዚህ ያለው ሐኪም ምንም አይሰማህም፤ የመጣህበትን ሳትነግረው ያስወጣሃል» አሉና ስለ ሐሞት የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት። ሰማቸው። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ንጹሕ ይሁኑ፣ ንጹሕ ይሁኑ ይል ነበር በልቡ፤ ጸሎቱ ለእሳቸው ይሁን ለራሱ እሱም አልለየውም። በሩ የሚከፈት እየመሰለው ይነሣል፤ ግሉኮሱ ይይዘዋል፤ ይቀመጣል። እዚያ አግዳሚ ላይ ጊዜ እንዲህ አልሄድ እንደሚል አያውቅም ነበር።

በሩ ሲከፈት መጽሐፉ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በዝግታ ነገራት። በግራ በኩል፣ ከታች፣ አንጀታቸው ውስጥ እጢ አለ። መንገዱን አጥብቦታል፤ ሕመማቸው ከዚያ ነው። ከእጢው ለምርመራ ቁንጥር ወስዷል፤ ምን እንደሆነ ላቦራቶሪው ይናገራል። ቀዶ ጥገና ማስፈለጉ አይቀርም። «ጊዜው ያለፈ አይመስለኝም» አለ። «ግን ቀደም ብለን አይተነው ቢሆን ይሻል ነበር።»

ሲስተር ቁንጥሩ ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ከልማድ ብዛት ወደ ዶክተሩ ዘረጋችው፤ እሱም ከልማድ ብዛት እጁን ሰደደ። ባለቤቱ ከመሃል ተቀበለቻት። «እኔ አደርሰዋለሁ» አለች፤ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳትዞር፣ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች።

ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ባለ ጎማ ብረት እየገፋ ወደ ማረፊያው ክፍል ገባ። ዳኛዋ ጠፍጣፋ ትራስ ላይ ተኝተዋል፤ የእንቅልፉ መርፌ ገና አለቀቃቸውም፤ ዓይናቸው ግን ተከፍቷል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊል አስቦ ነበር የገባው። ቃሉ አፉ ላይ ሲደርስ ቀለለበት፤ ለእሳቸው አይመጥንም። ሌላ ነገር አለ።

«እማማ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

ዳኛዋ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ከጎን ባለው አልጋ ላይ ያለ ሰው ያስላል፤ ከውጭ ስም ይጠራል። ከዚያ እጁን ያዙና ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከሆዳቸው በግራ በኩል፣ ከታች አስቀመጡት።

«እዚህ ጋ» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ ነው ስልህ የነበረው።»

እጁን አላነሣም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።